የዳኛው አስተርጓሚ

ልጁን «ዳኛው» ብሎ የሰየመው አጎቱ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነበር፤ ነገር ግን ከልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ካርቶኑ ላይ ጉብ ብሎ፣ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ የገባ የወጣውን ደንበኛ ሙግት ሲያዳምጥ ላየው ሰው ሌላ ስም አይመጣለትም። «ሱሪው ጠበበኝ» የሚለውንም፣ «ሱሪውስ እንዳለ ነው፣ እርስዎ ነዎት የወፈሩት» የሚለውንም እኩል ይሰማል። ፍርድ ግን አይሰጥም። ሦስት ዓመቱን አልፎ ወደ አራት እየተንደረደረ ከአፉ አንዲት ቃል አልወጣችም። «መዝገቡን እየመረመረ ነው» ይላል አጎቱ ለጠየቀው ሁሉ፤ ሰውም ይስቃል። እናቱም አብራ ስትስቅ ኖራለች። ሳቁ የቀረው መዋዕለ ሕፃናት የወሰደችው ቀን ነው።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከታላቅ ወንድሟ ጋር በአንዲት ክፍል ሱቅ ውስጥ ይሠራሉ፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከጀርባው ልብስ የሚለካበት መጋረጃ፣ በዚያ ላይ የማያልቅ ቁርጥራጭ ጨርቅ። አባትየው የረዥም መንገድ ሾፌር ስለሆነ ቤት ከሚውልበት ቀን ስልክ የሚደውልበት ይበልጣል።

ልጁ ቃል አያውጣ እንጂ ለእናቱ ዝም ብሎ አያውቅም። ከንፈሩን ግጥም አድርጎ በአፍንጫው «እም» ይላል። ወደ ላይ የምትወጣ «እም» አለች፤ ክፈቺልኝ ማለት ናት። አጭርና ደረቅ አለች፤ አልፈልግም ማለት ናት። ሁለቴ ተከታትላ የምትመጣ አለች፤ ረዝማ መጨረሻዋ ላይ ዝቅ የምትል አለች። እናቱ አንዷንም ስታ አታውቅም። አባትየው በስልክ «እስቲ አቅርቢልኝ» ይልና ልጁ ሲያንጎራጉርለት አዳምጦ «ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃታል። ጎረቤት «ምን አለ?» ይላል። ደንበኛ «ምን አለ?» ይላል። እሷም ለሁሉም ትተረጉማለች። እንዲህ ያለው ዳኛ ያለ አስተርጓሚ ችሎት አይቀመጥም፣ ይላል አጎት። እውነቱን ለመናገር ሹመቱን ትወደው ነበር። በዓለም ላይ እሷን ብቻ አምኖ የሚያወራ ሰው ማግኘት ለማንስ ቢሆን ደስ አይልም?

መዋዕለ ሕፃናቱ «ለሙከራ ግማሽ ቀን ይዋል» ብሎ ነበርና ጠዋት አስገብታው ሄደች። ቀትር ላይ ስትመለስ ልጇ የሌላ ልጅ ሱሪ ለብሶ ጠበቃት። የልብስ ሰፊ ዓይን ነገር ሆኖ መጀመሪያ ያየችው የተተረተረውን ጠርዙን ነው፤ ሱሪው ለምን እንደተቀየረ የገባት ቀጥሎ ነው። ረዳት መምህርቷ በቅን ልብ፣ «ጨዋ ልጅ ነው» አለቻት። «ብቻ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ሲዘፍን ቆየ። ዘፈን ይወዳል መሰለኝ።»

«ምን ዓይነት ዘፈን?»

መምህርቷ ከንፈሯን ገጥማ አስመሰለችላት። ረዝማ፣ መጨረሻዋ ላይ ዝቅ የምትለዋ ናት።

ያቺ «ሽንቴ መጣ» ናት። ልጇ አልጮኸ፣ አልረበሸ፤ በሩ ላይ ቆሞ በሥነ ሥርዓት ሲጠይቅ፣ ደግሞ ሲጠይቅ ነው የቆየው። የሚሰሙትም ፈገግ ብለው ሲያዩት ቆይተዋል።

ዳይሬክተሯ ክፉ ሴት አልነበረችም። ቢሮዋ አስገብታ አስቀመጠቻትና፣ «ቦታውን አልከለክለውም» አለቻት። «እንደ ሌላው ልጅ ተረት ያውራልኝ አልልም። ግን አመመኝ ሲል፣ ውሃ ሲል፣ የሚገባው ሰው ከሌለ እኔ እንዴት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ? ካንቺና ከቤትሽ ሰው ውጪ አንድ ሰው የሚለው ይግባው። አንድ ሰው ይበቃኛል። ትምህርት እስኪከፈት ቦታውን እይዝለታለሁ። ደግሞ ለዚህ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ ሄደሽ አሳዪው።»

ሱቅ ስትደርስ ወንድሟ ወሬውን ሰምቶ ትከሻውን ነቀነቀ። «ዝም አይነቅዝም፣ እቱ። ወንድ ልጅ ይዘገያል። አባቱስ ቢሆን መቼ ቶሎ አወራ?»

«ዝም አይነቅዝም፤ ሱሪው ግን ይረጥባል፣ ጋሼ።»

ያን ዕለት ከሰዓት የተዋሰውን ሱሪ አጥባ፣ ጠርዙን ዳግመኛ እንዳይተረተር አድርጋ ሰፋችው። እጄ ሥራ ካልያዘ አለቅሳለሁ ብላ ፈርታ ነው።

ሐኪም ቤት ስትወስደው መጀመሪያ የታየው ጆሮው ነው። ግድግዳዋ በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ተደረገለት፤ «ድምፅ ስትሰማ አንዷን የመጫወቻ ኩብ ሳጥኑ ውስጥ ጣል» ተባለ። እናትየው ጥግ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ልጁ ኩቧን ይጥላል። እሷ ምንም አይሰማትም፤ እሱ ግን ይጥላል። ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቅና ይጥላል። ጥቂት ቆይቶማ በጆሮው የገባውን ድምፅ በዚያው ከፍታ «እም» ብሎ መመለስ ጀመረ። የጆሮ መርማሪው ከክፍሏ መስታወት ወዲያ ሲስቅ ታየ። በኋላ ወጥቶ፣ «ጆሮው ከእኔና ከእርስዎ ይሻላል» አላት። ደስ አላት፤ ወዲያው ግን ግራ ገባት። ይህን ያህል እየሰማ ታዲያ ምን አስቀረው? ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍርሃቷ በላይ የማወቅ ጉጉቷ ገፋፋት። ይህን ሁሉ ሲሰማ የኖረ ልጅ ውስጡ ምን አስቀምጧል?

የንግግር ባለሙያዋ ክፍል ምንጣፍ፣ ዝቅ ያለች ጠረጴዛና በልጅ ቁመት የተሰቀለ መስታወት ነበራት። ባለሙያዋ ራሷ ወጣት ናት፤ ሲገቡ መሬት ላይ በሆዷ ተኝታ የመኪና አሻንጉሊት ትነዳለች።

«ደህና ዋሉ፣ ዶክተር» አለች እናት፣ ማንን ሰላም እንደምትል ግራ ገብቷት።

«ዶክተር አይደለሁም» አለች ባለሙያዋ ሳትነሳ። «በዚያ ላይ መሬት ላይ የተኛ ሰው አንቱ አይባልም። ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ከዚያ ያደረገችው ነገር ለእናትየው ምንም ስሜት አልሰጣትም። መኪናዋን ውስጡ በሚታይ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከተተችና ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው። ለልጁ ሰጠችው። ከዚያ ምንም። እጇን አጣጥፋ ታየዋለች። ልጁ ክዳኑን ታገለ፤ አልከፈት አለው። የእናትየው እጅ ሳታዘው ሄደ፤ ባለሙያዋ ቀስ ብላ መለሰችላት። ልጁ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ በመጨረሻም ወደ ባለሙያዋ ዞሮ ወደ ላይ የምትወጣዋን «እም» አላት።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ክፈቺልኝ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«እንዴ፣ ክፈቺልኝ ሲል እንዲያ ነዋ የሚለው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ባለሙያዋ ክዳኑን እየከፈተች፣ «ክፈቺ። ከፈትኩልህ» አለችው፤ ግን ፊቷ ተለውጧል። አዲስ ዕቃ አመጣች፤ ሌላ «እም» ተቀበለች። ፊኛ ነፍታ አየሩን ለቀቀችው፤ ሌላ ዓይነት መጣ። የሳሙና አረፋ እንዲነፋ ሰጠችው፤ አሳምሮ ነፋ። ምላሱን አየች፣ ላንቃውን አየች፣ በመስታወቱ ፊት አፏን እያጣመመች አሳቀችው። ሲስቅ አፉ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ማውራት ሲያምረው ግን መልሶ ይገጥመዋል።

«የማይናገር ልጅ አይደለም ያመጣሽልኝ» አለቻት በመጨረሻ። «ይናገራል። አፉን ዘግቶ ነው እንጂ። ብዙ ልጅ አይቻለሁ፣ እንዲህ የሚያደርግ ግን አላየሁም። ከየት አመጣው?»

«እኔ እንጃ። ሲወለድም አብሮት የመጣ ነው የሚመስለኝ።»

«የምትውሉበትን ቦታ ባየው ቅር ይልሻል?»

ባለሙያዋ ሱቁ የመጣችው ሥራ በበዛበት ከሰዓት ላይ ነው። ካውያው አጠገብ ያለች በርጩማ ሰጧትና፣ እሷም «እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» አለች። መጀመሪያ አካባቢ እህትና ወንድም አፈሩ፤ ኋላ ሥራው ያዛቸውና ረሷት። ወንድምየው የኮት ገበር ላይ፣ እህት የቀሚስ ወገብ ላይ ናቸው። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ስፒላቸውን በከንፈራቸው ይዘዋል፤ በከንፈር ያልተያዘች ስፒል ጊዜ ትገድላለች ብለው ከአባታቸው የተማሩት ነው። ወንድም «እም» አለ፤ እህት መቀስ አቀበለችው። እህት «እም እም» አለች፤ ወንድም ጠመኔውን ወረወረላት። አንዲት ደንበኛ ከፍላ ወጣች፤ ወንድም በሩን በዓይኑ አሳይቶ ወረድ ያለች «እምምም» አወጣ፤ እህት በአፍንጫዋ ሳቀች።

ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ቀጭን፣ ወደ ላይ የምትወጣ «እም» መጣች። አጎትየው ዓይኑን ከገበሩ ሳያነሳ የተዘጋች የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮ ከፍቶ ወደ ታች ሰጠ።

ባለሙያዋ በርጩማዋ ላይ በሳቅ ተጣጠፈች። «አንዴ አቁሙልኝ። ምን ተባብላችሁ ነው?»

ሁለቱም ቀና ብለው ከነስፒላቸው እኩል፣ «እም?» አሉ።

ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ወንድምየው ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። «ምንም አላልንም» አለ።

«መቀስ ጠየቁ፣ ተሰጠዎት። ጠመኔ ጠየቀች፣ ተሰጣት። ስለዚያች ስለወጣችው ሴት ደግሞ ክፉ ነገር ተናግረዋል፤ ምን እንዳሉ ባላውቅም ክፉ መሆኑ ገብቶኛል።»

አጎትየው አንገቱን ሰበረ። ሐሜት ያለ ቃልም እንደሚሰማ ያን ዕለት ተማረ።

እናትየው ግን አልሳቀችም። ከወገቧ ሰበር ብላ ልጇን ከጠረጴዛው ሥር አየችው። ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ፣ ቁልፎቹን በቀለም ይለያል። የአፉ አያያዝ የሷ ነው። የወንድሟ ነው። በምን ዓይን ስታየው ነው የኖረችው? «እኔ ነኝ» አለች። «አፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ባለሙያዋ ሳቋን ወዲያው ዋጠችው። መጥታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እንደሱ አይደለም። ስሚኝ። ልጅ ለምን እንደሚዘገይ ብዙ ጊዜ እኛም አናውቅም። የልብስ ሰፊ ልጅ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ከተማው በሙሉ እም እም ባለ። አንዲት ስፒል ባትነኪም ሊዘገይ ይችል ነበር። ቃል ከብዶታል፤ ሲከብደው ዙሪያውን አየ፤ የሚወዳቸው ሰዎች ቀለል ባለው ሲግባቡ አገኘ። ያንን ያዘ። ብልጥ ልጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ይህን ያህል ከተማረላችሁ ሌላውንም ይማራል።»

እናትየው አመነቻትም፣ አላመነቻትም። ቃሉን ግን ያዘችው፤ ለመያዝ ሌላ ነገር አልነበራትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁ አዲስ ሕግ ወጣለት። ስፒል ከአፍ ወረደ። እናትየው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስፒል የሚሰካባቸው፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰሩ ሁለት ትንንሽ ትራሶች ሰፋች፤ ወንድሟ የሱ ከቀይ ከፋይ ካልሆነ አላስርም ብሎ ከከፋይ ተሰፋለት። ልጁ እም ሲል እንቢ አይባልም፤ የፈለገውን ያገኛል፤ ግን የዕቃው ስም አፍ ተከፍቶ፣ ፊት ለፊቱ፣ ረጋ ተብሎ ይነገረዋል። ደንበኛም ሆነ ጎረቤት «እስቲ አውራ፣ እስቲ እማማ በል» እንዳይለው ተከለከለ፤ ባለሙያዋ «ፈተና የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም» ብላለች። ከሁሉ የከበደው ግን መጠበቁ ነው።

«ነገር ትነግሪውና ትጠብቂያለሽ» አለቻት ባለሙያዋ።

«ምን ያህል?»

ባለሙያዋ ጠረጴዛውን አየች። «መርፌ ውስጥ ክር እስክታስገቢ።»

«እኔ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ዓይኔን ካርገበገብኩ ይበቃኛል።»

«እንግዲያው እኔ እስካስገባ» አለች ባለሙያዋ፤ መርፌና ክር አንስታ ሞከረች። ክሩን ላሰች፣ ዓይኗን አጠበበች፣ ሳተች፣ ተሳደበች፣ ደግማ ሳተች። አጎትየው ሊያግዛት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እህቱ መታችው። «ጠብቅ እንጂ» አለችው።

አሮጌ ልማድ በአንድ ቀን አይወጣም። አንዳቸው ረስተው ስፒል ከጎረሱ ሌላው ወዲያው ይይዛቸዋል። ወንድሟ ለዚህ ሥራ ተወለደ ማለት ይቻላል፤ ከሱቁ ማዶ ሆኖ እንኳ «አውጪና አውሪ» ይላታል። ራሱ ሲያዝ ግን ሰበቡ ብዙ ነው። ደግሞም ስፒሉን ካወጣ በኋላ የሚናገረው ጠፋው። ዕድሜ ልኩን በአንድ «እም» ሲጨርሰው የኖረውን አሁን በቃል ሊለው ነው፤ ልጁ ፊት አፉን ከፍቶ ይቆማል፣ ልጁም ያየዋል፣ ሁለቱም ይጠባበቃሉ። ቆይቶ ግን መፍትሔ አገኘ። ሥራውን እንደ ሬዲዮ ኳስ ጨዋታ ማስተላለፍ ጀመረ። «መቀስ ገባ። መቀስ ጨርቁን ያዘው። አሁን ማን ሊመጣ ነው? ካውያ። ካውያ መጣች፣ ትኩስ ናት፣ ማንም አይጠጋትም።» ደንበኞች ኮታቸውን ተቀብለውም አንወጣም አሉ።

እናትየው ደግሞ በመጠበቅ ውስጥ ያልጠበቀችውን አየች። ድሮ ልጇ ሲያንጎራጉር ፊቱን ሳታይ ነው የምትሰጠው፤ እጇ ከዓይኗ ይቀድማል። አሁን ውሃውን ይዛ ስትጠብቅ ዓይኑ ወደ ላይ ሲሄድ ታያለች። ግንባሩ ይቋጠራል። ከንፈሩ በትንሹ ይላቀቃል፣ ይፈራል፣ ይመለሳል። አንድ ነገር ከውስጥ እስከ በሩ መጥቶ የሚመለስ ይመስላል። ይህን ፊት አይታው አታውቅም ነበር። ምን ያህል ጊዜ መጥቶ በሷ መቸኮል ተመልሶ ይሆን? እያዘነችም ጓጓች። ማታ ለአባትየው በስልክ የምትነግረው ወሬ ሌላ ሆነ፤ «ዛሬ ከንፈሩ ተከፈተ» ትለዋለች። «ምን አለ?» ይላል። «ምንም። ግን ተከፈተ።» አባትየው መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ «እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ» ይላል።

«እም» እያደር «አም» ሆነች። ከዚያ «ማ» መጣች፤ ማን ትሁን ምን ትሁን ሳይታወቅ ቀኑን ሙሉ ስትደገም ዋለች። ካውያዋን እያሳየ «ካ» ያለ ቀን ባለሙያዋ ምንጣፏ ላይ ተንከባለለች። እናትየው ግን ቀን ትቆጥር ነበር። ትምህርት ሊከፈት ነው። ዳይሬክተሯ የጠየቀችው አንድ ሰው ነው፤ ያ አንድ ሰው ግን የሷ ደም፣ የሷ ቤት መሆን የለበትም። ልጇን ይዛ አጠገባቸው ወዳለው ባለሱቅ ሄደች። ልጁ ከመደርደሪያው በላይ ያለች ካውያ አየና «ካ» አለ። ባለሱቁ ደስ ብሎት ከረሜላ ሰጠው። ልጁም ደስ ብሎት ተቀበለ። እናትየው ብቻዋን አዝና ተመለሰች።

«ቢያንስ የሚበላ አገኘ» አላት ወንድሟ።

«እሱን አይደለም የፈለገው፣ ጋሼ።»

«አሁን ግን ፈልጎታል።»

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ከተማው ሁሉ ልብሱ እንደረዘመበት ያን ሰሞን ያወቀ ይመስል ሱቁን ሞላው። የልጆች የደንብ ልብስ ተከመረ። መኪኖቹ አላርፍ አሉ። ወንድምየው ክር አልቆበት ወደ ገበያ እንደወጣ፣ አንዲት ጠና ያለች የማታውቃት ሴት ረዥም ግራጫ ቀሚስ ይዛ ገባች። የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ቸኩላለች፤ ዛሬ ካልሆነ አልፈልግም ባይ ናት። እናትየው ቀሚሱን አስለብሳ በርጩማ ላይ አቆመቻትና ከእግሯ ሥር ተንበርክካ ጠርዙን መሰካት ጀመረች። የእጅ አንጓዋ ትራስ የት እንደገባች አልታወቀም። መፈለጊያም ጊዜ የለም። ስፒሎቹን አፈሰችና እንደ ጥንቱ በከንፈሯ ያዘቻቸው። አፏ ገና ሲይዛቸው ትከሻዋ ዘና አለ፤ ልማድ ክፉ ነው።

«ከጉልበት በታች ይሁን» ትላለች ሴትየዋ።

«እም።»

«ወደ ኋላ ደግሞ ዝቅ እንዳይል።»

«እም እም።»

ልጁ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። የፈረስ ኮቴ የምትመስለዋን ማግኔት ይዟል፤ ወለሉ ላይ የወደቀ ስፒል መልቀም የሱ ሥራ ነው፣ በሱቁ ውስጥ ከማንም በላይ የሚኮራበትም እሱ ነው። እናቱ አጠገብ መጥቶ የለቀመውን አሳያት። እሷም ቀና ሳትል «እም» አለችው፤ ጎበዝ ማለቷ ነው።

ልጁ አልሄደም። ጠርዙን እየሰካች በጎኗ ቆሞ ይታወቃታል። ዞር ስትል አፏን እያየ ነው። ግንባሩ ተቋጥሯል። ያን ፊት አወቀችው፤ እጇም በአየር ላይ ቀረ። ልጁ ማግኔቱን ቀስ አድርጎ ወደ ከንፈሯ አስጠጋ። የመጀመሪያዋ ስፒል ዘላ ተለጠፈች፤ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ከዚያ የቀሩት ተከታትለው ወጡ። አንድም ሳትቀር ሁሉም ከወጡ በኋላ ልጁ ማግኔቱን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ቁጭ አለና ጠበቃት።

እናትየው አፏ ባዶ ነው፤ ምንም አልወጣትም። እሱ ይጠብቃል። አይቸኩልም። ባለሙያዋ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባውን ያህል ጠበቃት፤ ከዚያም በላይ ጠበቃት። ስትቆይበት ጊዜ ከንፈሩ ተላቀቀ፣ ሰፋ፣ አልተመለሰም።

«አውዪ» አላት።

የስፌት መኪኖቹ ቆመዋል። ከውጭ የመንገዱ ድምፅ ይመጣል። እናትየው በጉልበቷ እንዳለች ጆሮዋን አላመነችውም። ይህን ልጅ ስትሰማ ኖራለች፤ ያላለውን ሁሉ ሰምታለች። ዛሬም ምኞቷ ቢሆንስ? ወደ ላይ፣ በርጩማው ላይ ወደቆመችው፣ ልጇን ከዛሬ በፊት አይታው ወደማታውቀው ሴት ቀና አለች።

«ምን አለ?» አለቻት።

ሴትየዋ ሰዓቷን አየች። «አልሰማሽውም እንዴ? አውሪ ነው እኮ የሚልሽ። እውነቱን ነው፤ ከገባሁ ጀምሮ እም እም እያልሽ ጠርዙ የት ጋ እንደሚሆን እንኳ አልነገርሽኝም።»

«ይቅርታ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «ምን እንዳለ ደግመው ይንገሩኝ።»

ሴትየዋ ግራ እየገባት፣ «አውሪ» ብላ ደገመችላት።

ልጁም መሬት ላይ እንደተቀመጠ፣ የእናቱን አፍ እያየ ይጠብቅ ነበር።